«መቼ ጀመረው?» ብለሽ ጠይቂ

አዲስ አበባ ውስጥ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) የሆነች እህታችን እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ጋሼ፣ የሕፃናት ነርቭ ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ። ምርምር መምራትም እመኛለሁ። ሲኒየሬ ግን ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም አለኝ።»

እህቴ፣ ሲኒየርሽ ላንቺ አስቦ ነው። እኔ ግን በዚህ ሙያ ማከምና መመራመር አንድ ዛፍ ነው ባይ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ1841 ዊልያም ዌስት የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ጨቅላ ልጁ ታመመበት። የልጁ ጭንቅላት ወደ ጉልበቱ ድፍት ይላል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይደፋል። አባትየው ያየውን አንድ በአንድ ጽፎ ላንሴት ለተባለው የሕክምና መጽሔት ላከ። የሚያውቅ ካለ እንዲነግረው ለመነ። ይህ በጨቅላ ሕፃናት ላይ የሚታይ የሚጥል በሽታ ዓይነት ዛሬም በስሙ ዌስት ሲንድሮም ይባላል።

አሁን ወደ አንቺ ክፍል እንምጣ። እናት ይኸው ሕመም ያለበትን ልጇን ታቅፋ ትገባለች። «መቼ ጀመረው?» ስትያት «የኪዳነ ምሕረት ለት» ትልሻለች። የየትኛው ወር ኪዳነ ምሕረት? ጠይቀሽ ቀኑን ካልጻፍሽ ካርዱ ላይ «ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ» ብቻ ይቀራል። ከሁለት ዓመት በኋላ መቶ ካርድ ብታገላብጪ ሕክምናው ምን ያህል እንደዘገየ አታውቂም። በዚህ ሕመም ደግሞ መዘግየት የልጁን አእምሮ ይጎዳል። ስልኳ ላይ የቀረጸችው ቪዲዮ ካለም አስከፍተሽ እይ።

መንገዱ ረጅም ነው፣ አልዋሽሽም። የሕፃናት ሕክምና ሬዚደንሲ (የስፔሻሊስት ሥልጠና) 3 ዓመት ነው፤ የነርቭ ሰብ ስፔሻሊቲ፣ ማለትም ተጨማሪው ጠለቅ ያለ ሥልጠና፣ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ለምርምር የሚያስፈልግሽ ስታቲስቲክስ ግን እስከዚያ አይጠብቅሽም። አሁኑኑ ጀምሪው።

መምራት ስትይ ደግሞ ወንበር እንዳይታይሽ። ፎሊክ አሲድ የፅንስ አከርካሪ ሳይዘጋ እንዳይቀር እንደሚከላከል ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. የ1991 ጥናት በ7 አገሮች፣ በ33 ማዕከላት የተሠራ ነው። በየቦታው ያሉት ሰዎች ቅጹን በአንድ ዓይነት መንገድ ካልሞሉት እንዲህ ያለ ሥራ አይቆምም። መሪ ማለት ቅጹን የምትሞላዋን ነርስ የሚያሠለጥን፣ ስትደውል ስልክ የሚያነሳላት፣ ለልፋቷም ጥናቱ ላይ ስሟን የሚያሰፍርላት ሰው ነው።

ሥራ ስትቀጠሪ «ለምርምር በሳምንት ስንት ቀን ይሰጠኛል?» ብለሽ በጽሑፍ አስይዢ። ካላስያዝሽ ቀኑን ዋርድ (የተኙ ሕሙማን ክፍል)፣ ማታውን የግል ክሊኒክ ይበላዋል። ኑሮው ከባድ ስለሆነ ማንም አይፈርድብሽም፤ ጥናቱ ግን ይቀራል። አማካሪ ስትመርጪም ረቂቅሽን አንብቦ፣ በቀይ እስክሪብቶ አቅልሞ የሚመልስልሽን ያዢ።

ሐሙስ ከሰዓት ቸርችል ጎዳና ቢሮዬ ነኝ። ከዋርድሽ አንድ ጥያቄ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ነይ። የልጆቹን ስም እንዳትጽፊ።