ዲሲና አካባቢው ያላችሁ፣ በዚህ ዊኬንድ ከገበያ ሞሉ ይልቅ ወደ ሙዚየም ሂዱ

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ናችሁ። እኔ ዲሲ አካባቢ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ዓመታት ግን የአንድ ሙዚየም ደጃፍ ረግጬ አላውቅም ነበር። ጊዜ የለም፣ ደግሞ ይከፈልበታል ብዬ ነው የማስበው። ከአገር ቤት ዘመድ ሲመጣ ዋይት ሀውስ በር ላይ ፎቶ አንስተን በዛው ወደ ቤት ነበር። ለካ ዲሲ ያሉት የስሚዝሶኒያን (ብዙ ሙዚየሞችን የሚያስተዳድር የአገሪቱ ተቋም ነው) ሙዚየሞች በሙሉ በነጻ ናቸው፣ ለአብዛኞቹ ትኬት እንኳን አያስፈልግም፣ ቦርሳችሁን ፈትሸው ግቡ ይሏችኋል አለቀ።

በቅድሚያ የምመክራችሁ ጋለሪ ፕሌስ ሜትሮ ወርዳችሁ እዛው 8ኛና ጂ ስትሪት ላይ ያለውን ትልቅ ሕንጻ ነው። በአንድ ጣሪያ ስር ሁለት ሙዚየም አለ፣ የአሜሪካን አርት ሙዚየሙና ፖርትሬት ጋለሪው። ለኛ ሰው የሚመቸው በሰዓቱ ነው፣ በኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ነው፣ ስለዚህ የጠዋት ሺፍት ጨርሳችሁም ትደርሳላችሁ። ሁሉም ሰው የኦባማን ስዕል ለማየት ነው የሚሮጠው፣ እሱንም እዩት ጥሩ ነው፣ ግን በፊት አንደኛ ፎቅ ላይ የጄምስ ሃምፕተንን ዙፋን ጠይቃችሁ ሂዱ።

ሃምፕተን ማን ነው ካላችሁ እዚሁ ዲሲ ውስጥ በመንግሥት ቢሮ ማታ ማታ የሚያጸዳ ሰውዬ ነበር። በ1950 በፈረንጆቹ አንድ ጋራዥ ተከራየና ሥራውን ሲጨርስ ሌሊት እዛ እየገባ ማንም ሳያውቅ በ1964 እስኪሞት ድረስ ለ14 ዓመት ዙፋንና መሠዊያ ሲሠራ ኖረ። የሠራው በምን መሰላችሁ፣ በተጣለ የቤት ዕቃ፣ በካርቶን፣ በተቃጠለ አምፖል፣ በማርማላታ ብርጭቆ፣ ሁሉንም በብርና በወርቅ ቀለም ፎይል ጠቅልሎ። 180 ያህል ቁራጭ ነው። ያወቁለት ከሞተ በኋላ ነው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ፎይሉ ላይ የጣት እጥፋቱ፣ ጭምድድ ያለው ሁሉ ይታያል፣ ራቅ ስትሉ ደግሞ ቅድስት ውስጥ የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ፣ እኔን መንበረ ታቦቱ ነው ትዝ ያለኝ። ከላይ «አትፍራ» የሚል ጽሑፍ አለበት። ደግሞ እስከዛሬ ማንም ፈቶ ያላነበበው የራሱ ፊደል ነበረው፣ በሱ የጻፈው ደብተር አለ። እኔ ራሴ አምስት ዓመት ሌሊት ፓርኪንግ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ ያን ዙፋን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ከፊቱ ለመነሳት አቅቶኝ ብዙ ቆየሁ፣ እንባዬም መጣ። ሌሊት የምትሠሩ ልጆች በተለይ እናንተ እዩት እባካችሁ።

ሁለተኛው የአፍሪካ አርት ሙዚየም ነው፣ ስሚዝሶኒያን የሚባለው ሜትሮ ጣቢያ አጠገብ። ከውጪ ስታዩት ትንሽ ቤት ይመስላል፣ ዋናው ሙዚየም ግን ከመሬት በታች ነው፣ ወደታች ውረዱ። እዚህ ያገራችን ሰዓሊዎች ሥራ ስብስቡ ውስጥ አለ፣ የእስክንድር ቦጎስያንም የወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍም። ወሰኔ ፊደላችንን ነው የሚስለው፣ ሀሁውን ያጣምመዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ያስጨፍረዋል፣ ለንባብ ብላችሁ አትድከሙ፣ ዝም ብላችሁ እዩት። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ሙዚየሙ ያለውን ሁሉ ባንዴ አያወጣም፣ እያፈራረቀ ነው የሚሰቅለው፣ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ዌብሳይቱ ላይ አሁን ምን እየታየ እንደሆነና መቼ እንደሚዘጋ እዩ። ይሄ ለሁሉም ሙዚየም ነው። በ2023 መጨረሻ ባልቲሞር ዋልተርስ ሙዚየም ስለ ኢትዮጵያ ብቻ ትልቅ ኤግዚቢሽን ከፍቶ ነበር፣ ከ220 በላይ ዕቃ የቀረበበት፣ ሦስት ወር ቆይቶ ማርች ላይ ተዘጋ፣ ከዛ በኋላ ስንቱ ሰው ነው «ውይ አልሰማሁም» ያለኝ፣ በጣም ነው የሚያሳዝነው።

ዋልተርስ ግን አሁንም ሂዱ። ከኢትዮጵያ ውጪ ካሉት ትልልቅ የአገራችን ቅርስ ስብስቦች አንዱ እዛ ነው፣ መስቀሉ፣ የብራና ወንጌሉ፣ የእመቤታችን ስዕል። መግቢያው በነጻ ነው፣ ሰኞና ማክሰኞ ዝግ ነው። መኪና ባይኖራችሁ ከዲሲ ዩኒየን ስቴሽን ማርክ የሚባለው ባቡር ቅዳሜና እሁድም ይሠራል፣ ከባልቲሞር ጣቢያ በእግር ትደርሳላችሁ። ብራናው መብራት ስለሚጎዳው ሁልጊዜ አይወጣም፣ ካጣችሁት አትዘኑ። ልጄን የወሰድኳት ዘጠኝ ዓመቷ እያለ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተክርስቲያን ፊደል ትማር ነበር፣ ያን ሰሞን ግን ለምን እማራለሁ እያለች ታስቸግረኝ ነበር። አንድ የድሮ ጽሑፍ ፊት መስታወቱ ላይ ተለጥፋ «አባዬ ይሄ መ ለምን እንዲህ ወፈረ» አለችኝ። የብዕሩን አያያዝ፣ ቀለሙን፣ የፍየሉን ቆዳ ሁሉ ማስረዳት ጀመርኩ፣ እሷ ግን ቀድማኝ የምታውቀውን ፊደል በጣቷ እየቆጠረች ነበር።

ልጆች ይዛችሁ ስትሄዱ ሁሉንም ላሳይ አትበሉ። አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል፣ ሦስት አራት ነገር መርጣችሁ ፊቱ ቁጭ በሉና ምን ይታይሃል ብላችሁ ጠይቁ፣ እናንተ ሌክቸር አትስጡ። ቶሎ የሚሰለቹ ከሆነ ዲሲ ያለው የናሽናል ጋለሪ ሙዚየም ኢስት ቢልዲንግ ጣሪያው ላይ ውሰዷቸው፣ የቤት ቁመት ያለው ሰማያዊ አውራ ዶሮ ቆሟል፣ እሱም በነጻ ነው።

አንድ ልጨምር። ለፓስፖርት ወይ ለቢጫ ካርድ ኤምባሲያችን ስትሄዱ፣ ቅድም ያልኳችሁ እስክንድርና ሰዓሊዋ ከበደች ተክለአብ አብረው በ2001 የሠሩት ከአሉሚኒየም የተሠራ ትልቅ ሥራ እዛ ግራናይት ግድግዳ ላይ አለ። ርዝመቱ ወደ 16 ሜትር ነው። የክርስቲያኑም የእስላሙም የቤተ እስራኤሉም ምልክት፣ የሙዚቃ መሣሪያውም የቤት ዕቃውም አለበት። እስክንድር ከሁለት ዓመት በኋላ እዚሁ ዲሲ ነው ያረፈው፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመት አስተምሮ። ቀጠሮ ሲኖራችሁ ሩብ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ቀስ ብላችሁ እየተራመዳችሁ እዩት።