መልስ፦ ሙዚየም፣ አንድነት ፓርክና እንጦጦ በአንድ ቀን ይዳረሳሉ?

አይዳረሱም። ከሐዋሳ እናትሽንና ሁለት ልጆችሽን ይዘሽ ለአንድ ቀን አዲስ አበባ የምትመጪ ከሆነ ከሦስቱ አንዱን ሰርዢ። እኔ ብሆን እንጦጦን እተወዋለሁ።

1. ጠዋት አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም። ልጆቹ ሳይሰለቹ በቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ውረዱ። የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ ቁመቷ 1 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ልጆች አጠገቧ ቆመው ራሳቸውን መለካት ይወዳሉ። እናትሽ ደግሞ የጃንሆይን ትልቁን የእንጨት ዙፋን ሳያዩ እንዳይወጡ።

2. ጉልበት ከተረፈ ብቻ ወደ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እለፉ። የቀድሞው ቤተ መንግሥት አሁን ሙዚየም ነው፤ የንጉሡ መኝታ ቤት እዚያ አለ። ከሕንፃው ፊት ጣሊያን የሠራው፣ የትም የማያደርስ ደረጃ ታያላችሁ፤ ጫፉ ላይ የተቀመጠው አንበሳ ግን የእኛ ነው። መታወቂያ ያዙ።

3. ከምሳ በኋላ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ያለው አንድነት ፓርክ። ግቢው ሰፊ ነው፤ አንበሶቹን መጀመሪያ አሳዪያቸው፣ አለዚያ ልጆቹ ቤተ መንግሥቱን በሰላም አያስጎበኙሽም።

እንጦጦ ካልሄድን ካላችሁ ከፍታውን አትናቁት። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ከ3,000 ያልፋል። አባቴን ይዘን በወጣን ጊዜ ጥቂት እንደተራመዱ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው አግዳሚ ወንበር ላይ ጠበቁን። እናትሽንም መኪናው እስከ እንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያድርሳቸው፤ ለልጆቹም ሹራብ ያዢ።