ጥንድ አስ ይዞ መሸነፍ፦ ስለ ነጻ የፖከር ውድድሮች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

መግቢያ ስለማይከፈልባቸው የኢንተርኔት የፖከር ውድድሮች፣ ተጫዋቾቹ ፍሪሮል ስለሚሏቸው፣ ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን ስድስቱን መልሰናል። የምንናገረው ሁሉ ገደብ የሌለውን ቴክሳስ ሆልደም ይመለከታል፤ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ይዞ መሃል ላይ ከሚገለጡ አምስት የጋራ ካርታዎች ጋር የሚጫወትበትን ዓይነት። የቺፕ መጠን የምንቆጥረው በቢግ ብላይንድ (ካርታ ሳይታይ በግድ በሚከፈለው ትልቁ መነሻ ውርርድ) ነው፤ 4,000 ቺፕ ይዘው ቢግ ብላይንዱ 200 ከሆነ 20 ቢግ ብላይንድ አለዎት። ሶፍትዌርዎ ቺፑን በዚህ መልክ የሚያሳይ ምርጫ ካለው ያብሩት፤ ለውሳኔ የሚጠቅመው ይኸኛው ቁጥር ነው።

ጥያቄ፦ ውድድሩ እንደተጀመረ ግማሹ ጠረጴዛ ኦል-ኢን ይገባል (ያለውን ቺፕ ሁሉ ያስገባል)። ጥንድ አስ ይዤ ስገባ አራት ሰው ተከትሎኝ ተሸነፍኩ። እንዲህ ሲሆን ሦስተኛዬ ነው። ካርታው ተጭበርብሮ ይሆን?

የጻፉልን ነገር የሚያሳየው ማጭበርበርን ሳይሆን ስንት ሰው እንደተከተለዎት ነው። ጥንድ አስ የዘፈቀደ ካርታ ከያዘ አንድ ሰው ጋር እስከ መጨረሻው ካርታ ቢሄድ ከ100 ጊዜ 85ቱን ያሸንፋል። ከሁለት ሰው ጋር 73፣ ከሦስት ጋር 64፣ ከአራት ጋር 56 ይሆናል። ስለዚህ አራት ሰው ከተከተለዎት ከ100 ጊዜ 44ቱን ይሸነፋሉ። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የመሸነፉ ዕድል ከ12 አንድ ገደማ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው በሚሰለፍበት ውድድር ይህ በየቀኑ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፤ ቅሬታ የሚጽፈው ደግሞ የደረሰበት ብቻ ነው።

የሚያዋጣዎትም ግን ይኸው ነው። አምስት ሰው እኩል ቺፕ አስገብቶ 56 በመቶው የእርስዎ ከሆነ፣ በአማካይ የሚመለስልዎት ካስገቡት 2.8 እጥፍ ነው። አንድ ሰው ብቻ ቢከተል 1.7 እጥፍ ነበር። ብዙ ጊዜ ይሸነፋሉ፣ ሲያሸንፉ ግን የውድድሩን አንድ ሰዓት ሙሉ የሚያሻግር ቺፕ ይዘው ይቀመጣሉ። መግቢያው ነጻ በሆነበት ቦታ ይህን ልውውጥ እምቢ ማለት ስህተት ነው።

በዚያ ግርግር ውስጥ የሚገባባቸው ካርታዎች ጥቂት ናቸው፦ ጥንድ አስ፣ ጥንድ ኪንግ፣ ጥንድ ኩዊን እና አስ-ኪንግ። ኦል-ኢን የገባው አንድ ሰው ብቻ ከሆነና ያም ሰው በየእጁ የሚገባ መሆኑን ካዩ፣ እስከ ጥንድ 7 እና አስ-10 ድረስ መውረድ ይቻላል፤ ሁለቱም ከዘፈቀደ ካርታ ጋር ከ60 በመቶ በላይ ያሸንፋሉ። ከመከተልዎ በፊት ግን ከእርስዎ በኋላ ስንት ሰው ገና እንዳልወሰነ ይቁጠሩ። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ አስ-10ን ይጣሉት። አብዛኞቹ ሳይቶች በተጫዋች ስም ላይ የቀለም ምልክት ማድረግ ይፈቅዳሉ፤ በየእጁ ኦል-ኢን ለሚገባው አንድ ቀለም፣ እስከ ሪቨር (እስከ መጨረሻው የጋራ ካርታ) ድረስ ለማይጥለው ሌላ ቀለም ይስጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያው ሰው ጠረጴዛዎ ላይ ሲመጣ ያገለግላል።

ጥያቄ፦ በመጻሕፍት የተማርኩት ብለፍ እዚህ ለምን አይሠራም?

ብለፍ፣ ማለትም ደካማ ካርታ ይዞ ጠንካራ አስመስሎ መወራረድ፣ የሚሠራው የሚያጣው ነገር ባለው ሰው ላይ ነው። በነጻ የገባ ሰው መሃል ላይ ጥንድ 4 ይዞ «እስቲ ልየው» ብሎ ይከተላል። በመጀመሪያው ሰዓት ብለፍን ጨርሰው ይርሱት። በምትኩ ጥሩ ካርታ ሲይዙ ዋጋውን ያስወድዱ። ከፍሎፕ (ከመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች) በፊት 2.5 ቢግ ብላይንድ ማድረግ እዚህ ማንንም አያስጥልም፤ 4 ወይም 5 ያድርጉ፣ ቀድመው ዝም ብለው ለገቡት ለእያንዳንዳቸው አንድ ይጨምሩ። ከፍሎፕ በኋላ ትልቁን ጥንድ ከጥሩ አጃቢ ካርታ ጋር ከያዙ በመሃል ያለውን ቺፕ ሁለት ሦስተኛ ወይም ሙሉውን ያህል ይወርውሩ፤ በተርንም (በአራተኛው የጋራ ካርታ) ይድገሙት። ቼክ ብሎ (ሳይወራረዱ አሳልፎ) ወጥመድ መዘርጋት ብልህነት ይመስላል፣ ነገር ግን ያለ ወጥመድ የሚገባ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ ነጻ ካርታ መስጠት ነው።

አንድ ምልክት ብቻ ልብ ይበሉ፦ ሲከተል ብቻ የቆየ ሰው በተርን ወይም በሪቨር ድንገት ከፍ ካደረገ፣ ይዟል። አንድ ጥንድ ብቻ ከሆነ ያለዎት ይጣሉ።

የሚጠበቅ ካርታ ሲኖርዎት ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከፍሎፕ ላይ አንድ ካርታ ለፍለሽ (አንድ ዓይነት ምልክት ላላቸው አምስት ካርታዎች) ከጎደለዎት እስከ ሪቨር የመምጣቱ ዕድል 35 በመቶ፣ በሚቀጥለው ካርታ ብቻ 19 በመቶ ነው። ሰውየው የፖቱን (በመሃል ያለውን ቺፕ) ግማሽ ከወረወረ ለመከተል 25 በመቶ ያስፈልግዎታል። በወረቀት ላይ 19 አይበቃም፤ ነገር ግን ፍለሹ ሲገባ ቀሪ ቺፑን የሚሰጥ ሰው ካለ ልዩነቱ ይሸፈናል፣ እዚህ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ትንንሽ ጥንዶችም እንዲሁ ናቸው። ሦስተኛው በፍሎፕ የሚመጣው ከ8 ወይም ከ9 ጊዜ አንዴ ስለሆነ፣ የሁለታችሁም ቺፕ ለመከተል ከሚከፈለው ቢያንስ 15 እጥፍ ሲሆን ብቻ ይከተሉ።

ጥያቄ፦ ምዝገባው ለአንድ ሰዓት ክፍት ነው። ከመጀመሪያው ልግባ ወይስ ሊዘጋ ሲል?

የውድድሩን መግለጫ ይክፈቱና ምዝገባው ሲዘጋ ብላይንዱ ስንት እንደሚደርስ ይዩ። መነሻው 3,000 ቺፕ ሆኖ ያኔ ብላይንዱ (ትንሹ ስሞል ብላይንድና ትልቁ ቢግ ብላይንድ) 75/150 ከሆነ በ20 ቢግ ብላይንድ ይጀምራሉ፤ ይህ ይበቃል። ከ15 በታች የሚያስጀምር ከሆነ አይዘግዩ።

ጊዜ ካለዎት ግን ቀድመው ይግቡ እንላለን። ቺፑን የሚበትነው ሰው ያለው በመጀመሪያው ሰዓት ነው፤ በተጨማሪም ተመዝግበው ያልመጡ ሰዎች ወንበራቸው ላይ «የለም» የሚል ምልክት ይዘው ይቀመጣሉ። ሶፍትዌሩ ካርታቸውን በራሱ ይጥላል፣ ብላይንዳቸውን ግን ያስከፍላል። ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች በግራዎ ካሉ፣ እርስዎ የዲለር ቦታ (ከሁለቱ ብላይንዶች ቀድሞ ያለው ቦታ) ላይ ሲሆኑና ከእርስዎ በፊት ያሉት ሁሉ ሲጥሉ፣ በማንኛውም ካርታ 2 ቢግ ብላይንድ ብቻ ያድርጉ፤ ብላይንዱ ያለ ውጊያ የእርስዎ ነው። አንዱ ብቻ ከሌለ ያለውን ሰው እያዩ ይወስኑ። ጎረቤትዎም ይህን ሊያውቅ ስለሚችል፣ እርስዎ ከመድረስዎ በፊት በየዙሩ የሚሰርቅ ሰው ካለ በአስ ወይም በጥሩ ጥንድ ከላዩ ላይ ከፍ ያድርጉበት።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ ጥሩ ካርታ እየጠበቅኩ 3 ወይም 4 ቢግ ብላይንድ ላይ እወድቃለሁ። ምን ላድርግ?

ካርታ መጠበቅ ያለብዎት ቺፑ ብዙ ሲሆን ነው፤ ሲያንስ ጊዜው ያልፋል። ዘጠኝ ሰው ባለበት ጠረጴዛ አንቴው (ከብላይንዱ በተጨማሪ በግድ የሚከፈለው መዋጮ) በዙር አንድ ቢግ ብላይንድ ከሆነ፣ አንድ ዙር ያለ ጨዋታ 2.5 ቢግ ብላይንድ ይበላል። ጥንድ ደግሞ በአማካይ ከ17 እጅ አንዴ ነው የሚመጣው፤ ሁለት ዙር ገደማ መሆኑ ነው።

ከ12 ቢግ ብላይንድ በታች ሲሆኑ ምርጫው ሁለት ብቻ ነው፦ ኦል-ኢን ወይም መጣል። ሁለትና ሦስት አድርጎ ከዚያ መጣል ከሁሉም የከፋው ነው። ለምን 3 ላይ መድረስ እንደማይገባ ሒሳቡ ያሳያል። 3 ቢግ ብላይንድ ይዘው ኦል-ኢን ሲገቡ በመሃል የእርስዎ 3፣ የቢግ ብላይንዱ 1፣ የስሞል ብላይንዱ 0.5 እና 1 አንቴ፣ በድምሩ 5.5 አለ። ቢግ ብላይንዱ ላይ ያለው ሰው 2 ብቻ ይጨምራል፤ 27 በመቶ ከበቃው ማንኛውም ካርታ ማለት ይቻላል ያዋጣዋል። ስለዚህ አይጥልም፣ እርስዎም ማስጣል የሚባለውን መሣሪያ አጥተዋል።

በ10 ቢግ ብላይንድ ግን ሌላ ነው። ከዲለር ቦታ ኦል-ኢን ገብተው ሁሉም ከጣሉ 2.5 ያገኛሉ፤ ያለዎት አንድ አራተኛ ማለት ነው። ቢግ ብላይንዱ ተከትሎዎት 35 በመቶ ብቻ የሚያሸንፉ ቢሆን፣ በአማካይ የሚያጡት 2.5 ገደማ ነው። ስለዚህ ከሁለት አንዴ ከጣሉልዎ ኪሳራ የለም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ትርፍ ነው።

ከዲለር ቦታ በ10 ቢግ ብላይንድ ማንኛውንም ጥንድ፣ ማንኛውንም አስ፣ ከኪንግ-9 ጀምሮ ያሉ ኪንጎችን ይዘው መግባት ይችላሉ። ከመጀመሪያዎቹ ቦታዎች ግን ከጥንድ 5 በላይ፣ አስ-10 እና ከዚያ በላይ፣ ኪንግ-ኩዊን ይበቃል። በየትኛው ካርታ ኦል-ኢን እንደሚገባ የሚዘረዝሩ ብዙ ሠንጠረዦች ከዲለር ቦታ 8-7 እና 7-6 ዓይነት ተከታታይ ካርታዎችንም ያካትታሉ። እዚህ አይግቡባቸው። ሠንጠረዦቹ የተሠሩት ተቃዋሚው በአግባቡ ይጥላል ብለው ነው፤ በነጻ ውድድር ሰው በቀላሉ ስለሚከተል ጥቅም ያለው ሲከተሉትም የሚያሸንፍ ካርታ፣ ማለትም አስና ጥንድ ነው።

አሁን በተቃራኒው፦ ብላይንዱ 400/800፣ አንቴው 800 ሆኖ እርስዎ ቢግ ብላይንድ ላይ ናቸው፤ የዲለር ቦታ ያለው ሰው 6,400 ኦል-ኢን ገባ፣ ስሞል ብላይንዱ ጣለ። በመሃል 6,400፣ 800፣ 800 እና 400፣ ማለትም 8,400 አለ። የሚጨምሩት 5,600 ነው። 5,600ን ለ14,000 ሲያካፍሉ 40 በመቶ ይወጣል። ሰውየው ከ10 እጅ በ4ቱ የሚገባ ከሆነ ኪንግ-9 እንኳ ይህን ያልፋል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው፤ «ኪንግ-9 መጥፎ ካርታ ነው» ብሎ ይጥላል፣ ዋጋውን ግን አይመለከትም።

ጥያቄ፦ ሽልማቱ ገንዘብ ሳይሆን ወደ ትልቅ ውድድር የሚያስገባ ቲኬት ነው። 11 ሰው ቀርተን 10 ቲኬት ነበር። ብዙ ቺፕ ይዤ ጥንድ አስ መጣልኝ፣ ከእኔ የሚበልጥ ሰው ኦል-ኢን ገባ። ተከተልኩና ወጣሁ። ትክክል ነበርኩ?

አልነበሩም፤ አስም ቢሆን መጣል ነበረበት። አንደኛውና አሥረኛው የሚያገኙት ተመሳሳይ ቲኬት ነው። ቺፑ ሁለት እጥፍ ቢሆን ሁለት ቲኬት አይሰጥዎትም። ዝም ብለው ቢጥሉ ከ100 ጊዜ 95ቱን ቲኬቱን የሚያገኙ ከነበሩ፣ በ85 በመቶ ውጊያ ውስጥ መግባት 10 ነጥብ መጣል ነው። እንዲህ ባለ ሰዓት የሚያዩት የራስዎን ካርታ ሳይሆን ትንሹን ቺፕ የያዘውን ሰው ነው፦ ስንት ቢግ ብላይንድ አለው፣ ብላይንዱስ በስንት እጅ ይደርስበታል?

ገንዘብ በሚከፍሉ ነጻ ውድድሮች ግን ይህን ልማድ ይዘው አይሂዱ። 100 ዶላር በሚሰጥ ውድድር የመጨረሻው ተሸላሚ የሚያገኘው ጥቂት ሴንት ነው፤ ትልቁ ድርሻ ለመጨረሻው ጠረጴዛ ይሄዳል። ሰዎች ለእነዚያ ሴንቶች ሲጠበቡ ብላይንዳቸውን መስረቅ የሚቀለው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ መግቢያው ነጻ ነው፣ አድ-ኦኑ (ተጨማሪ ቺፕ መግዣው) ግን 1 ዶላር። ልግዛ? በአጠቃላይስ ይህ ጨዋታ ጊዜ ያዋጣል?

አድ-ኦኑን ለመመዘን ሽልማቱን ለጠቅላላው ቺፕ ያካፍሉ። ሽልማቱ 500 ዶላር፣ ጠረጴዛ ላይ ያለው 10,000,000 ቺፕ፣ አድ-ኦኑ 10,000 ቺፕ ቢሆን፣ የሚገዙት ነገር ዋጋ 50 ሴንት ነው። 600 ሰው ገዝቶ ገንዘቡ በሙሉ ወደ ሽልማቱ ቢገባ እንኳ 69 ሴንት ገደማ ይሆናል። ይህን አንገዛም።

ስለ ጊዜው፦ 2,000 ሰው ለ100 ዶላር ከተሰለፈ የአንድ ሰው አማካይ ድርሻ 5 ሴንት ነው። ከሌላው ሦስት እጥፍ ቢሻሉ ለብዙ ሰዓት ሥራ 15 ሴንት ነው። ደመወዝ አይሆንም፤ ልምምድና መነሻ ገንዘብ ግን ይሆናል። የታወቀው የፖከር ተጫዋች ክሪስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ2006 ምንም ሳያስገባ በነጻ ውድድሮች ጀምሮ በኋላ 10,000 ዶላር ሲደርስ የተከተለው ሕግ ቀላል ነበር፦ በአንድ የገንዘብ ጠረጴዛ ካለው ከ5 በመቶ በላይ አያስቀምጥም፣ በትልልቅ ውድድሮች ከ2 በመቶ በላይ አይከፍልም፣ ጠረጴዛ ላይ ያለው ከጠቅላላው 10 በመቶ ካለፈ ይነሣል።

ሽልማት ሲደርስዎ ሦስት ነገር ያረጋግጡ፦ ቲኬቱ የሚያበቃበትን ቀን፣ ገንዘብ ለማውጣት የተቀመጠውን ዝቅተኛ መጠን፣ የሚጠየቀውን የመታወቂያ ማስረጃ። «ሽልማትዎን ለመልቀቅ አስቀድመው ይህን ያህል ይላኩ» የሚል መልእክት ከመጣ አይላኩ፤ ፍሪሮል ሽልማቱን ለመስጠት ገንዘብ አይጠይቅም።