ጌም በክላውድ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ፦ ሦስት ሳምንት ሞክሬ ያየሁት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ላፕቶፕህ አርጅቷል፣ ግራፊክስ ካርድ የለውም፣ የኢንተርኔትህ ፍጥነት 40 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ለአዲስ ኮምፒውተር ገንዘብ ላጠራቅም ወይስ ክላውድ ጌሚንግ (ጌሙን ሩቅ ባለ ኮምፒውተር ላይ በኢንተርኔት መጫወት) ይበቃኛል ብለሃል። መጫወት የምትፈልገው ደግሞ ረጅም ታሪክ ያላቸውን ጌሞችና ማታ ማታ ከጓደኞችህ ጋር ኳስ ነው። እኔም ካንተው የማይሻል ላፕቶፕ ነው ያለኝ። አንዱን አገልግሎት ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ከሁለት ቀን በስተቀር በየማታው ተጫውቼበታለሁ። ስሙን አልጠራም። የገጠመኝ ችግር አብዛኛው ከራሴ ቤት የመጣ ስለሆነ ስም ማንሳቱ ፍርድ ያዛባል።

መልሴን ከወዲሁ ልንገርህ። ለታሪክ ጌሞቹ ይበቃሃል። ለኳሱ ግን የሚወስነው 40 ሜጋቢቱ አይደለም።

የመጀመሪያው ማታ በጣም ነው የተደሰትኩት። ከ100 ጊጋባይት በላይ የሚመዝን ጌም መረጥኩ። እኔ ጋ እሱን ለማውረድ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል፤ ወርዶም ላፕቶፑ ላይ አይከፈትም። እዚህ ግን ተጫንኩት፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጌሙ ውስጥ ነበርኩ። ሁለት ሰዓት ስጫወት የላፕቶፑ ፋን ድምፅ እንኳን አላሰማም። ለምን ያሰማል? ጌሙ የሚሠራው ሩቅ ቦታ ባለ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው። አንተ ጋ የሚደርሰው ቪዲዮ ብቻ ነው፤ ካንተ የሚሄደው ደግሞ የተጫንከው ቁልፍ። ላፕቶፕህ ቪዲዮ በደንብ ካጫወተ ሥራውን ጨረሰ ማለት ነው።

በሁለተኛው ማታ ነገሩ ተበላሸ። የማጫውተውን ሰውዬ ዝለል ስለው ገደሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ይዘላል። ሣር ያለበት ሜዳ ላይ ስሮጥ ምስሉ በውኃ የታሸ ይመስል ይደበዝዛል። ፍጥነቴን ለካሁ፤ ሙሉ ነው። አገልግሎቱ ነው ችግሩ ብዬ ለማቋረጥ ወስኜ ነበር። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልሞክር አልኩ። የላፕቶፑን የትእዛዝ መስኮት ከፍቼ ወደ ራሴ ራውተር ፒንግ አደረግሁ፤ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀውን ጊዜ መለካት ማለት ነው። ወደ ኢንተርኔት አይደለም፣ ሳሎን ተቀምጦ ወደሚታየኝ ራውተር። መልሱ 3 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሺኛ)፣ 4፣ ከዚያ በድንገት 90፣ ተመልሶ 5፣ ከዚያ 120። መልእክቱ ገና ከቤት ሳይወጣ ነው የሚዘገየው። ጥፋቱ የዋይፋዩ ነበር።

በማግስቱ ረጅም የኔትወርክ ኬብል ዘርግቼ ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር አገናኘሁት። ፒንጉ 1 ሚሊሰከንድ ላይ ቆመ፤ አልተነቃነቀም። ጌሙም ሌላ ጌም ሆነ። ያው አገልግሎት፣ ያው ፍጥነት፣ ያው ላፕቶፕ ነው።

ይህ ለምን እንደሆነ መረዳቱ ይጠቅምሃል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው "ፊልም ያለምንም መቆራረጥ አያለሁ፣ ጌም ለምን ይቆራረጣል?" ብሎ ይናደዳል። ፊልም ስታይ አፑ የሚቀጥሉትን ብዙ ሰከንዶች ቀድሞ አውርዶ ያስቀምጣል። መስመሩ ለአፍታ ቢንገዳገድ ከተቀመጠው ያሳይሃል፤ አንተ አታውቀውም። ጌም ላይ ግን የሚቀጥለው ምስል የሚወሰነው አንተ ገና ባልተጫንከው ቁልፍ ነው። ቀድሞ ሊሠራ አይችልም፣ ስለዚህ የሚቀመጥ ነገር የለም። በሰከንድ 60 ምስል የሚመጣ ከሆነ በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ጊዜ 17 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ራውተርህ ለ120 ሚሊሰከንድ ሲደናቀፍ ሰባት ምስል ያህል በሰዓቱ አልደረሰም ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚፈለገው የመስመሩ ስፋት ሳይሆን አለመንገዳገዱ ነው።

ኬብል መዘርጋት ካልቻልክ ዋይፋይህን በ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ አድርገውና ራውተሩ ያለበት ክፍል ተጫወት። ግድግዳ ሲበዛ እሱም ይዳከማል።

ሌላ ያስቸገረኝ ነገር ነበር። በኬብልም ቢሆን ማታ ሦስት ሰዓት አካባቢ ለሃያ ደቂቃ ያህል ይንተባተብ ነበር። አራት ቀን ፈለግሁት። ለካ የእህቴ ስልክ በዚያ ሰዓት ቻርጅ ላይ ሲሰካ የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ ወደ ክላውድ መስቀል ይጀምራል። የመስቀያው መስመር ሲሞላ የኔ የቁልፍ መልእክት ከፎቶዎቹ ኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። ስልኩ ፎቶ የሚሰቅልበትን ሰዓት ወደ ሌሊት ቀየርን፣ አለቀ። የፍጥነት መለኪያ ስታይ የማውረጃውን ቁጥር ብቻ አትይ የምልህ ለዚህ ነው።

ከቤትህ ውጪ ግን ልታስተካክለው የማትችለው ነገር አለ፦ ርቀት። ብርሃን በፋይበር ውስጥ የሚጓዘው በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰርቨሩ፣ ማለትም ጌሙ የሚሠራበት ኮምፒውተር፣ 1,000 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልሱ ብቻ 10 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። መስመሩ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ በየመሃሉም ብዙ መሣሪያ ያልፋል። ጂፎርስ ናው የሚባለው የክላውድ ጌሚንግ አገልግሎት ለምሳሌ እስከ ሰርቨሩ ያለው መዘግየት ከ80 ሚሊሰከንድ በታች እንዲሆን ይጠይቃል፤ ጥሩ የሚለው ከ40 በታች ሲሆን ነው። ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት አገልግሎቱ ላንተ የሚቀርበው ሰርቨር የት እንዳለ እይ። 4,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ ምንም ኬብል፣ ምንም ራውተር አያድንህም። ይህን በግልጽ የማይነግር ማስታወቂያ ያናድደኛል፤ ሰው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው የሚያውቀው።

ወደ ኳሱ ልምጣ። ሞክሬዋለሁ፣ በኬብል። ኳስ ማቀበሉ፣ መሮጡ፣ ቦታ መያዙ ምንም አይልም። ተንሸራትቶ መንጠቅ ላይና ጎል ፊት መምታት ላይ ግን ትንሽ ዘግየት ይላል። ከጓደኞች ጋር ለመዝናናት እጫወትበታለሁ፤ ለውድድር አልጫወትበትም። የታሪክ ጌሞች፣ በተራ የሚጫወቱትና የስትራቴጂ ጌሞች ላይ መዘግየቱን ጨርሶ እረሳዋለሁ። የድብድብ ጌም ግን ሁለት ማታ ሞክሬ ተውኩት። እዚያ ምት የሚከላከሉት በጥቂት ምስሎች ጊዜ ውስጥ ነው፤ ያ ጊዜ መንገድ ላይ ይበላል።

የዳታ ጥቅልህ ገደብ ካለው ይህንንም አስላ። 10 ሜጋቢት በሰከንድ የሚመጣ ቪዲዮ በሰዓት 4.5 ጊጋባይት ይጨርሳል። 20 ከሆነ 9 ጊጋባይት። በቀን ሁለት ሰዓት ከተጫወትክ በወር 540 ጊጋባይት ማለት ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ጥራቱን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። በላፕቶፕ ስክሪን ላይ ልዩነቱ ያን ያህል አይታይም።

አንድ ነገር ሳልነግርህ ብቀር ቅር ይለኛል፤ የጌሞቹ ባለቤትነት። ኦንላይቭ የሚባል አገልግሎት በ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ2015 ሲዘጋ እዚያ የተገዙ ጌሞች አብረው ጠፉ። የጉግሉ ስታዲያ በኅዳር 2019 ጀምሮ በጥር 2023 ተዘጋ። ጉግል የጌሞቹን ገንዘብ መልሷል፤ ሌላውም እንዲሁ ያደርጋል ብሎ መተማመን ግን አይቻልም። ጂፎርስ ናው ላይ ደግሞ ጌምህን ከሌላ መደብር ትገዛለህ፣ እነሱ ኮምፒውተሩን ያከራዩሃል። ያም ሆኖ በ2020 አገልግሎቱ በይፋ እንደጀመረ የጌም አምራቹ አክቲቪዥን ብሊዛርድ ጌሞቹን አስወጥቷል። ልዩነቱ፣ ጌሙ አሁንም ያንተ ነው፤ ኮምፒውተር ስትገዛ ትጭነዋለህ። በወር ክፍያ የሚገኙትን ደግሞ እንደ ኪራይ ቁጠራቸው፤ ስታቋርጥ ይቀራሉ። እኔ በዚህ ላይ ቁርጥ ያለ አቋም አለኝ፦ ክላውድ ላይ ብቻ የሚኖር ጌም ሙሉ ዋጋ ከፍዬ አልገዛም።

ከመክፈልህ በፊት በነጻ መሞከር ከቻልክ፣ ስለዚያ ሙከራ ሁለት ነገር ልጨምር። ነጻ ተጠቃሚ ብዙ ጊዜ ወረፋ ይጠብቃል። እኔ ቅዳሜ ማታ ከግማሽ ሰዓት በላይ ጠብቄያለሁ፣ በሥራ ቀን ግን ወዲያው ገብቻለሁ። ደግሞም ጠዋት ሞክረህ አትወስን። ከጓደኞችህ ጋር በምትጫወትበት ሰዓት፣ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ኢንተርኔት በሚጠቀምበት ሰዓት ሞክረው።

እንግዲህ ኮምፒውተሩን አሁን አትግዛ፣ ገንዘቡንም ማጠራቀምህን አታቁም። ዛሬ ማታ ወደ ራውተርህ ፒንግ አድርግ፤ የብዙዎቹ አድራሻ 192.168.1.1 ነው፣ ካልሆነም ከራውተሩ ጀርባ ተለጥፏል። አምስት ደቂቃ ተወው። ከዚያ ትልቁን ቁጥር እዚሁ ጻፍልኝ፤ አማካዩን ሳይሆን ትልቁን። ኬብል ያስፈልግህ እንደሆነ እሱን አይቼ እነግርሃለሁ።