ከአርዱዪኖ ወደ ጽሑፍ ፋይል፦ ሁለት ሌሊት የበላችብኝ ፊደል

«የአርዱዪኖዬን (ሴንሰር የሚያነብ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) የሙቀትና የእርጥበት ንባብ ሌሊቱን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ በጽሑፍ ፋይል ማስቀመጥ እፈልጋለሁ፤ እንዴት ላድርግ?» ላልከው ወንድሜ፦ የመመረቂያ ሥራ እንደሆነና ቀኑም እንደገፋህ አልጠራጠርም። እኔም ጅማ ስማር እንዲሁ ነበርኩ። ሴንሰሬን አጋሮ አጠገብ አጎቴ ጓሮ በሚገኝ የቡና ማስጫ አልጋ ላይ አስሬ፣ ቡናው ሌሊት በላስቲክ ሲሸፈን ከሥሩ የሚታመቀውን እርጥበት እለካ ነበር።

1. ሲሪያል ሞኒተሩን፣ ማለትም በአርዱዪኖ ፕሮግራም ውስጥ ከቦርዱ የሚመጣውን የሚያሳየውን መስኮት፣ ተወው። ቁጥሩን ያሳይሃል እንጂ ፋይል ላይ አይጽፍልህም። ፕሮግራም መጻፍ ካልፈለግህ ከቦርዱ የሚመጣውን ተቀብሎ ፋይል ላይ የሚመዘግበውን ፑቲ (PuTTY) የሚባል ፕሮግራም ጫን። ግንኙነቱን ሲሪያል አድርገህ የፖርቱን (ቦርዱ ከላፕቶፑ ጋር የሚገናኝበትን በር) ቁጥርና የመረጃውን ፍጥነት ስጠው፤ ኮድህ ላይ 9600 ካልክ እዚያም 9600 ነው። ከዚያ ሎጊንግ (Logging) የሚለው ገጽ ላይ የሚመጣውን ሁሉ እንዲመዘግብ እዘዘው።

2. ዊንዶውስ ላይ ፖርቱን በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። ሲሪያል ሞኒተሩን ሳትዘጋ ፑቲን ብትከፍት አይከፍትልህም። ይህንን ባለማወቄ ቦርዱ የተቃጠለ መስሎኝ ወዳዋሰኝ ዕቃ ክፍል ይዤው ሄድኩ። ሰውየው ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው «ያበላሸ ይከፍላል» ብሎ ስሜን መዝገብ ላይ አሰፈረ። ቦርዱ እኮ ጤነኛ ነበር! ክሊራንስ ስሞላ ያቺን አንድ መስመር ለማሰረዝ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። ማኅተሙ ያለበት መሳቢያ ሁልጊዜ ተቆልፎ ቁልፉ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር።

3. አሁን ወደ ዋናው። ፑቲ አነሰኝና በፓይዘን የራሴን ጻፍኩ። ፓይሲሪያል (pyserial) በሚባለው የፓይዘን ተጨማሪ ከፖርቱ መስመር በመስመር እያነበበ፣ ከፊቱ የኮምፒውተሩን ሰዓት እየጨመረ የሚጽፍ፣ ከሃያ መስመር የማይበልጥ ፕሮግራም ነው፤ ዛሬም አላፍርበትም። ሁለት ሌሊት ያለ እንከን ሠራ። ኅዳር ላይ ያለ ወጉ ዝናብ የጣለባቸው ሌሊቶች ነበሩ፤ ለጥናቱ ከዚያ የተሻለ አይገኝም። በሦስተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። መብራቱ ሲመለስ ብርድ ልብስ እንደተከናነብኩ ተነስቼ ፕሮግራሙን አስጀመርኩና ረክቼ ተኛሁ። ጠዋት ፋይሉን ስከፍተው የመጀመሪያው መስመር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ14 ይላል። ከዚያ በፊት ባዶ።

ጥፋቱ የእኔው ነው። ፋይሉን የከፈትኩት በ«ደብሊዩ» (w) ፊደል ነበር፤ እርሱ ደግሞ የነበረውን ጠርጎ አዲስ ይጀምራል። በ«ኤ» (a) ብከፍተው ኖሮ ካቆመበት ይቀጥል ነበር። አጎቴ ነገሩን ስነግረው «ታዲያ ዝናቡን መልሰህ አስዘንበዋ» አለኝ።

ስለዚህ በ«ኤ» ክፈት። እያንዳንዱን መስመር ከጻፍክ በኋላ ፍለሽ (flush) አድርግ፣ ኤፍሲንክም (fsync) ጨምርበት፤ የተጠራቀመውን ወዲያው ወደ ዲስክ የሚያወርዱ ትእዛዞች ናቸው፤ አለበለዚያ ፓይዘን ጽሑፉን ሜሞሪ ውስጥ እያጠራቀመ ያቆየዋል። የእኔ በየ10 ሰከንዱ 20 ፊደል ገደማ ስለነበር ማጠራቀሚያው 8 ኪሎባይት እስኪሞላ ከአንድ ሰዓት በላይ ዲስኩ ላይ ምንም አይደርስም ነበር። ደግሞም ፖርቱ በተከፈተ ቁጥር ኡኖ የሚባለው የአርዱዪኖ ቦርድ እንደ አዲስ ይነሳልና ሰዓቱን ከቦርዱ ቆጣሪ ሳይሆን ከኮምፒውተሩ ውሰድ። ላፕቶፑም ሌሊት እንዳይተኛ አስተካክለው።

ከዚያ በኋላ 19 ሌሊት አንድም መስመር ሳይጎድል መዝግቤያለሁ። ዝናብ ግን አልዘነበም።