ፎቶውን ብቻ አትላኩልኝ

ውድ ልጆቼ፣

እሁድ ማታ 2 ሰዓት ገደማ ስልኬ መንጫጫት ይጀምራል። የቴሌግራም ቡድናችን ነው። አሥራ አምስት ሰዎች ነን። አብዛኞቻችን አዲስ አበባና ዙሪያዋ ነን። አንዷ ዱባይ፣ አንዱ ሜሪላንድ፣ አንዱ ደግሞ እስራኤል ነው ያለው። ቅዳሜና እሁድ ያየነውን ወፍ፣ አበባ፣ ዛፍ፣ ቢራቢሮ ፎቶ እያነሳን እንላላካለን። አንዳንድ ሳምንት የሚመጣው አንድ ጥንዚዛ ብቻ ነው። አንዳንድ ሳምንት ደግሞ ስልኩ ይጨናነቃል። በቅርቡ በእናንተ ዕድሜ ያሉ አራት ልጆች ተቀላቅለውናል። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ እነሱን እያሰብኩ ነው። ግን ቅዳሜ ጠዋት ስልክም ካሜራም ይዛችሁ ለምትወጡ ሁሉ ነው።

ከ30 ዓመት በላይ የሠራሁት በዕፅዋት ባለሙያነት ነው። ገጠር ወጥተን ተክል እንሰበስባለን። በጋዜጣ መሃል አድርገን፣ በጣውላ ተጭነን እናደርቃለን። ከዚያ ወፍራም ወረቀት ላይ እንለጥፈዋለን። ከታች በቀኝ በኩል ደግሞ አንዲት ትንሽ ወረቀት ትለጠፋለች። የት እንደተገኘ፣ የቦታው ከፍታ፣ ቀኑ፣ የሰበሰበው ሰው፣ የአገሬው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ ምን ዓይነት መሬት ላይ እንደበቀለ፣ አበባው ትኩስ እያለ ቀለሙ ምን እንደነበረ ይጻፍባታል። ቀለሙን የምንጽፈው አበባ ሲደርቅ ስለሚከዳ ነው። ሐምራዊው ቡናማ ይሆናል። ቢጫው ይገረጣል። ከዓመታት በኋላ ያንን ተክል የሚያየው ሰው አበባው ምን ይመስል እንደነበር የሚያውቀው ከዚያች ወረቀት ነው።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ጊዜ በጣም የሚያምር ተክል ይዤ መጣሁ። በሥርዓት ደርቋል። ቅጠሉ አልተጨማደደም። ማስታወሻዬን ግን መንገድ ላይ ጥዬዋለሁ። አለቃዬ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና «ከየት ነው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። «እንግዲያው ድርቆሽ ነው» ብለው መለሱልኝ። ሳይቆጡ ነው የተናገሩት። ሳምንቱን ሙሉ ግን አንገቴን ደፍቼ ሠራሁ።

«የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ» የሚባለው ትልቅ ሥራ በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ የተጠናቀቀው በ2009 ነው። ወደ 6,000 የሚጠጋ የዕፅዋት ዓይነት ተመዝግቦበታል። ያን ሁሉ ዓመት ባለሙያዎቹ ሲያገላብጡ የኖሩት እነዚያን የደረቁ ተክሎችና እነዚያን ትንንሽ ወረቀቶች ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው የእናንተ ስልክ ከእኛ ጋዜጣና ጣውላ እጅግ የተሻለ ስለሆነ ነው። ቀለም አይከዳውም። ክብደት የለውም። አንድ ቅዳሜ የምታነሱትን እኛ በአንድ ወር አንሰበስበውም ነበር። ትንሿን ወረቀት ግን ስልኩ አይጽፍላችሁም። ቀኑን ይይዝላችኋል። ስሙን፣ ወፏ ምን ታደርግ እንደነበር፣ አጠገቧ የነበረውን ዛፍ አይዝም። እሱን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ።

አንዱ ልጃችን ባለፈው ዓመት አንድ ሐምራዊ አበባ ላከልን። እጅግ ያምራል። ሁሉም የልብ ምልክት አደረገለት፣ እኔም አደረግኩለት። ከዚያ ለብቻው «የት አገኘኸው?» ብዬ ጻፍኩለት። «አላስታውስም ጋሼ፣ ወደ መናገሻ ስንሄድ ይሁን ስንመለስ» አለኝ። ቅጠሉን አላነሳም። ግንዱን አላነሳም። አበባዋን ብቻ ከቅርብ። እስከ ዛሬ ምን እንደሆነች አላወቅንም። ስለዚህ አደራ፣ አበባ ስታነሱ ሦስት ፎቶ አንሱ። አንዱ አበባው። አንዱ ቅጠሉ ከነአቀማመጡ። አንዱ ደግሞ ራቅ ብላችሁ ተክሉ በሙሉ፣ የበቀለበት መሬትም እንዲታይ። ለማሳመር የምትልኩት የመጀመሪያውን ይሁን። ሌሎቹን አስቀምጧቸው።

ቀለም ላይም አትጨምሩ። አንዲት ልጃችን ሮዝ መልክ ያለው ቀጋ ላከችልን። ቀጋ አበባው ነጭ ነው። ሌሊቱን መጽሐፍ ሳገላብጥ አደርኩ፣ አዲስ ነገር ያገኘን መስሎኝ። ጠዋት ስጠይቃት ፊልተር ነው አለችኝ።

ትንሽ ነገር ምን ያህል እንደሚናገር ላጫውታችሁ። በ1990 እ.ኤ.አ. አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ሜዳ ላይ፣ መንገድ ላይ ተዳምጣ የሞተች ወፍ አገኘ። ሲመሽ ከሚበሩት፣ እንግሊዝኛው ናይትጃር ከሚላቸው ወገን ናት። ሌላው አካሏ አልተረፈም። አንድ ክንፍ ብቻ ይዘው ሄዱ። ያቺ ክንፍ ከየትም ወፍ ጋር አልገጥም አለች። በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች። በሳይንሳዊ ስሟ ውስጥ ያለው «ሶላላ» የሚለው ቃል ትርጉሙ «ክንፍ ብቻ» ነው። ያቺ ክንፍ የት እንደወደቀች፣ መቼ እንደተገኘች ባይጻፍ ኖሮ ላባ ሆና ትቀር ነበር።

ሌላ ደግሞ። ሰንዳፋ ያለው ጓደኛችን አንዲት አጥር አለችው። ግቢው ጀርባ ያለች፣ ሣር የበዛባት። በየሁለት ሳምንቱ እዚያችው አጥር ላይ ያረፈውን ወፍ ያነሳል። ቀን ይጽፋል፣ ይልካል። መጀመሪያ ላይ ማናችንም ነገሬ አላልነውም። መስከረም ላይ ጥቁር፣ ጀርባው ቢጫ የሆነ ወፍ ላከ። የመስቀል ወፍ ነው ተባባልን። ታኅሣሥ ላይ ወፉ የለም። ቡናማ፣ ድንቢጥ የሚመስሉ ወፎች ብቻ ናቸው ያሉት። «ሄደ» አልን። አንድ ማታ ይኸው ሰው ፎቶዎቹን በቀን ደርድሮ በአንድ ላይ ላካቸው። ከቡናማዎቹ አንዱን አጉልታችሁ ብታዩ ጀርባው ላይ ቢጫዋ አለች። ወፉ የትም አልሄደም። ላባውን ነው የቀየረው። ወንዱ በክረምት ለመራባት ይለብሳል፣ ወራቱ ሲያልፍ ያወልቃል። በዓመት አንዴ ብቅ ያለውን ሰው «እንደ መስቀል ወፍ ጠፋህ» እንላለን አይደል? ለካ ወፉ ዓመቱን ሙሉ አጥራችን ላይ ተቀምጦ ያየን ነበር። ይህን ከመጽሐፍ አንብቤ አውቀው ነበር። በአንድ ሰው አጥር ላይ፣ በቀን ተደርድሮ ሳየው ግን ደስታዬ ሌላ ሆነ።

ውጭ ያሉት ጓደኞቻችንም እንደዚሁ ናቸው። ዱባይ ያለችው እህታችን በሳምንት አንድ ቀን ናት ዕረፍቷ። በክረምታቸው ራስ አል ኾር የሚባለው የወፎች መጠበቂያ ትሄድና ፍላሚንጎዎቹን ከመመልከቻ ጎጆው ውስጥ ሆና ታነሳለች። ከኋላቸው ፎቆቹ ይታያሉ። ሁልጊዜ ስንት እንደቆጠረች ትጽፋለች። እዚህ አብያታና ሻላ ሐይቅ ላይ የምናያቸውን ዓይነት ወፎች እሷ ከመንገድና ከፎቅ መሃል ታገኛቸዋለች። ሜሪላንድ ያለው ወንድማችን በረንዳው ላይ በማሰሮ የተከለውን ጤና አዳም ያሳየናል። ብርድ ሲመጣ ወደ ቤት ያስገባዋል። እስራኤል ያለው ደግሞ መጋቢት ሲገባ ሽመላ ይልክልናል። ነጭ ሽመላዎቹ ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ ሲመለሱ በሺህ እየሆኑ በእነሱ ሰማይ ላይ ያልፋሉ። አምና የላከው ፎቶ ላይ ወፎቹ ነጠብጣብ ናቸው፣ ምንም አይታይም። ከሥር ግን «ከእናንተ ማሳ ተነስተው ይሆናል፣ ሰላም ብያቸዋለሁ» ብሎ ጽፏል። ቀኑንና ሰዓቱን ጽፏል። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ሳይቀር ጽፏል። ያን ፎቶ አላጠፋሁትም።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ የዋኖስ ጎጆ አገኘሁ። የዋኖስ ጎጆ ታውቁታላችሁ፣ ጥቂት ጭራሮ ነው። ከሥር ሆናችሁ ቀና ስትሉ እንቁላሎቹ በጭራሮው መሃል ነጭ ሆነው ይታያሉ። ደስ አለኝና አነሳሁት። የት መናፈሻ፣ የትኛው መቀመጫ አጠገብ፣ የትኛው ጽድ ላይ እንደሆነ በዝርዝር ጽፌ ላክሁ። ያን ጊዜ ትልቅ ቡድን ውስጥ ነበርኩ፣ ብዙ ሰው የማላውቀው። በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ጎጆውን የሚሸፍነው ቅርንጫፍ ወደ ጎን ተጎትቶ በሲባጎ ታስሯል። ለካሜራ ብርሃን እንዲገባ ነው። እንቁላሎቹ አሉ። እናቲቱ የለችም። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅኳት። በማግስቱም ሄድኩ። ሲባጎውን ፈትቼ ቅርንጫፉን መለስኩት፣ ግን ዘግይቼ ነበር። የሲባጎው ቁራጭ እስከ ዛሬ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። ማን እንዳሰረው አላውቅም። ቦታውን ያሳየሁት ግን እኔ ነኝ።

ስለዚህ ዝርዝሩን ጻፉ ስላችሁ፣ ለሁሉም ሰው አሳዩ ማለቴ አይደለም። ማስታወሻው ለእናንተ ነው፣ ለምታምኗቸውም። ጎጆ ካለ፣ ግልገል ካለ፣ ብርቅ እንስሳ ካለ ቦታውን በጅምላ ተናገሩ። «እንጦጦ አካባቢ» ይበቃል። ስልካችሁም ሳትነግሩት ቦታውን ሊናገር ይችላል። የካሜራው ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ሎኬሽን አጥፉት። ቴሌግራም ላይ በተራ ፎቶነት ስትልኩ የቦታው መረጃ ይወልቃል። ጥራቱ እንዳይቀንስ ብላችሁ በፋይል ስትልኩ ግን አብሮ ይሄዳል። ይህ ለዋኖስ ብቻ አይደለም። ከአፍሪካ ቀንድ የአቦሸማኔ ግልገሎች ተሰርቀው ባሕር ተሻግረው እንደሚሸጡ የታወቀ ነው። ገዢና ሻጭ የሚገናኙትም አብዛኛውን ጊዜ እኛ ፎቶ በምንላላክበት በዚሁ ስልክ ነው።

ባሌ የምትሄዱም አላችሁ። ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ካያችሁ መኪናውን አቁሙና ሞተሩን አጥፉ። ከመንገድ አትውጡ። ቀበሮዋ ፍልፈልና አይጥ እያደነች ነው። የተከተላችኋት እንደሆነ ምሳዋን ታጣለች። በዓለም ላይ ያሉት ጎልማሶች 500 አይሞሉም። ውሻ ይዛችሁ ደግሞ በፍጹም አትሂዱ። ከውሻ በሚጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ በብዛት አልቀዋል።

ሩቅ መሄድም ግድ አይደለም። ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር ነው፣ በታክሲ ትደርሳላችሁ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሌላ ቦታ ያለቁ ዛፎች አሉ። ጥበቃውን ወይም አባን አስፈቅዳችሁ ግቡ። ትልቅ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው ሳይናገር ሲገባ ማንም ይጠራጠራል፣ አይፈረድባቸውም። የሰው ግቢም እንደዚያው ነው። እኛ ሰፈር አንዲት እናት አሉ። በራፋቸው ላይ ዳማ ከሴ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ጠጅ ሣር በቆርቆሮና በተሰበረ ባልዲ ተክለዋል። ከአጥር ውጭ ሆኜ ላነሳ ስል አዩኝና «ግባ እንጂ ልጄ፣ እንደ ሌባ ምን ያስቆምሃል» አሉኝ። ገባሁ። ዳማ ከሴውን ለምች ሲሉ እንዴት እንደሚያሹት፣ ባልዲውን ከየት እንዳገኙት፣ ጤና አዳሙን ከእናታቸው ቤት እንዴት እንዳመጡት አጫወቱኝ። ቡናም ጠጣሁ። ፎቶውን አሳጥቤ ወሰድኩላቸው። አሁን ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። እናንተም የሰው ግቢ ካነሳችሁ አንዷን አሳጥባችሁ ውሰዱ። ብዙ ገንዘብ አይደለም።

ስለ ካሜራ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ያላችሁ ስልክ ይበቃል። ይልቅ ከማንሳታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ቁጭ በሉ። ወፏ እንዳልመጣችሁባት ስታውቅ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ፎቶ የሚሆነው ያን ጊዜ የምትሠራው ነው።

ባለፈው እሁድ ከአራቱ ልጆች ትንሿ አንድ ፎቶ ላከች። የደበዘዘ ነው። ቁራ መሆኑ የሚታወቀው ማጅራቱ ላይ ባለው ነጭ ነው። ከሥሩ እንዲህ ጽፋለች፦ «ቅዳሜ ጥቅምት 15፣ ጠዋት 1:40። ሱሉልታ፣ መንገድ ዳር ሜዳ። እበቱን በምንቃሩ ግራና ቀኝ ይበትነዋል፣ ከዚያ ከውስጡ ትል ይለቅማል። 12 ጊዜ ቆጠርኩ። ውሻ መጥቶ አባረረው።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያንን ቁራ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እበት ላይ ቆሞ አይቼዋለሁ። ምን እንደሚሠራ ግን ቆሜ አይቼው አላውቅም ነበር። የሜሪላንዱ ወንድማችን ሌሊት ላይ «ድምፁንስ ቀድተሽዋል?» ብሎ ጠየቃት። አልቀዳሁም አለች። የፊታችን ቅዳሜ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንጦጦ በር ተቀጣጥረናል። ወንበር እኔ እይዛለሁ፣ ሻይ እሷ።