የአረፋ ጥያቄዎቻችሁ፦ 10 ሰው የገባበት በሬ

አረፋ ሲቃረብ ጥያቄው ጎረፈ። ሁሉንም አልጨርሰውም፤ የተደጋገሙትን ልያዝ።

አንዱ የሚመጣው ዓመት አረፋ መቼ እንደሚውል ከአሁኑ ማወቅ ይፈልጋል። ከዘንድሮው 10 ወይም 11 ቀን ቀደም ይላል፤ ቁርጡን ጨረቃዋ ትነግርሃለች።

ተማሪ ናት መሰለኝ፣ አረፋ ሥራ የሚዘጋው ከመቼ ጀምሮ ነው ትላለች። ከደርግ ወዲህ ነው። ሙስሊሞች በሚያዝያ 1966 አዲስ አበባ ላይ በሰልፍ ወጥተው ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር።

እዚሁ አዳማ ያለ ወንድሜ ደግሞ፣ በግቢያችን 10 አባወራ ተዋጥተን አንድ በሬ በቅርጫ ልናርድ ነው፣ ለሁላችንም ኡድሒያ (የአረፋ የመሥዋዕት እርድ) ይሆናል አይደል፣ ሥጋውንስ እኩል ተከፋፍለን በቃ? ይላል።

አይሆንም። አንድ በሬ ለ7 ሰው ነው። 10 ስትሆኑ የእያንዳንዳችሁ ድርሻ ከሰባተኛው እጅ ያንሳል፤ የሥጋ ቅርጫ ብቻ ሆኖ ይቀራል። 7ታችሁ በሬው ውስጥ ግቡ፣ 3ቱ በግ ወይም ፍየል ይፈልጉ። አንድ በግ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። ከዒድ ሰላት በፊት ቢላ እንዳይነካው። አቅም የሌለውንም ተበድረህ ግባ ብላችሁ አታፋጥጡት።

እኔን ያናደደኝ ግን «በቃ?» ያልከው ነው። ቅርጫ የከፈለ ይከፋፈላል፤ ኡድሒያ ላይ ግን ያልከፈለውም ድርሻ አለው። ቁርኣን ውስጥ ሱረቱል ሐጅ ላይ የሚለምነውንም የማይለምነውንም አብሉ ተብሏል። የሚለምነውማ በር ያንኳኳል። የማይለምነው ማን ነው? ግቢያችሁ ውስጥ ሰርቪስ ተከራይታ፣ በቆሎ ጠብሳ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድገው ሴትዮ አለች አይደል? በየዓመቱ የማየው ይሄ ነው፤ ጭኑና ሽንጡ ፍሪዘር ይገባል፣ ለዘበኛው አጥንትና ሞራ በጥቁር ፌስታል ይሰጠዋል። እሱንም ሶደቃ ብለን! ማስቀመጥ አይከለከልም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ወቅት ከ3 ቀን በላይ እንዳይቀመጥ የከለከሉት ችግረኛ ወደ መዲና በመጣበት ጊዜ ነው፣ በኋላ ፈቅደዋል። ታዲያ ዘንድሮ በዚህ ኑሮ ችግረኛ ጠፍቶ ነው? የሚሰጠውን መጀመሪያ አውጡ፣ ከለስላሳው፤ የቀረውን ከዚያ በኋላ መዝኑ።

ለአራጁ ቆዳውን በድካሙ ልስጠው ላልከው፣ አይቻልም፣ በብር ክፈለው። ገዢ ካጣም ቦይ ውስጥ እንዳትወረውረው፤ በዚህ በአዳማ ሙቀት ከሰዓት ሳይሆን ሰፈሩን ያሸተዋል። ዝርዝሩን ኡስታዝ ጠይቅ።

አባቷ ስኳር ያለባቸው ኢንሱሊን የሚወጉ እህት፣ ዒዱ ዋዜማ ያለውን የአረፋ ቀን ካልጾምኩ አሉ ትላለች። በዚህ እኔን አትጠይቂኝ፤ ከጾሙ በፊት ሐኪማቸው ጋ ውሰጃቸው፣ ነገ ዛሬ አትበይ። ኢንሱሊን ወግቶ ሳይበሉ መዋል ስኳሩን አውርዶ ራስን ያስታል። ጾሙ ሱና ነው፣ ግዴታ አይደለም። እምቢ ካሉ የመስጊዳቸውን ኢማም ለምኚ፤ ከአንቺ ይልቅ እሳቸውን ይሰማሉ።

የመጨረሻው፣ ክርስቲያን ነኝ፣ ሥጋውን ስለማልበላ ጠርተውኝ ብሄድ ይከፋቸዋል ወይ ይላል። እንደማትበላ ከማንም በላይ ያውቃሉ እኮ! ያንተን ለብቻው አሰናድተው ነው የሚጠብቁህ። ሂድና ቡናውን ጠጣ፣ በስልክ «ዒድ ሙባረክ» ብለህ እንዳትገላገል።